የአዳራሽ ኪራይ በአዲስ አበባ ሰፈሮች፡- ቀብድ፣ ደረሰኝና የጎረቤት መብት

በአዲስ አበባ የሠርግ ወራት ሲቃረብ በየሰፈሩ ያሉ አዳራሾች ይፈለጋሉ። የቀለበት፣ የሠርግ፣ የመልስ፣ የክርስትና፣ የልደትና የምረቃ ዝግጅቶች፣ የእድርና የማኅበር ስብሰባዎች፣ እንዲሁም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የግምገማ መድረኮች ሁሉ ቦታ ይሻሉ። ቦታውን ፈልጎ ማግኘት፣ ዋጋ መስማማት፣ ቀብድ መክፈልና ቀኑን ማስያዝ ለአንድ ቤተሰብ የዓመቱ ትልቁ ውል ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ውል በአብዛኛው በቃል ወይም በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ሲፈጸም ይስተዋላል።

ጉዳዩ የግለሰቦች ብቻ ተደርጎ የሚታይ አይደለም። ከሚከራዩት አዳራሾች መካከል የወረዳ አስተዳደሮች፣ የወጣት ማዕከላትና ሌሎች የሕዝብ ተቋማት የሚያስተዳድሯቸው ይገኙበታል። ከአዳራሽ የሚወጣው ድምፅ የጎረቤትን ዕረፍት ይነካል፤ የሚሰበሰበው ገንዘብም የሕዝብ ሀብት ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የአዳራሽ ኪራይ አሠራርን ማወቅ ለተከራዩም፣ ለአከራዩም፣ አገልግሎቱን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት ሠራተኛም ጠቃሚ ነው።

ከዳስ ወደ አዳራሽ

ቀደም ባለው ጊዜ የደስታም ሆነ የሐዘን ዝግጅት የሚከናወነው በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ነበር። የሠርግ ዳስ በእንጨትና በቅጠል ይጣላል፤ ጎረቤት ወንበርና ዕቃ ያዋጣል፤ ሴቶች እንጀራና ወጥ ያሰናዳሉ። በከተማው እድሮች እየተስፋፉ ሲመጡ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ምጣድ የእድሩ የጋራ ንብረት ሆነው ለአባላት ይሰጡ ጀመር። ይህ አሠራር ዛሬም ያልቀረ ሲሆን፣ በርካታ እድሮች ዕቃቸውን ለአባል በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ፣ አባል ላልሆነ ሰው ደግሞ በኪራይ ያቀርባሉ።

ሁለተኛው ምዕራፍ የቀበሌ አዳራሽ ነው። በ1967 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ለማድረግ የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች በቀበሌ እንዲደራጁ አድርጓል። ቀበሌዎቹ ለስብሰባ የሚገለገሉባቸው አዳራሾች ቀስ በቀስ የሰፈሩ ነዋሪ የሠርግና የሌሎች ዝግጅቶች ማከናወኛ ሆኑ። ግቢ ለሌለው ወይም ግቢው ለጠበበው ነዋሪ በአቅራቢያው በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝ ቦታ ይኸው አዳራሽ ነበር። በኋላም በአዲስ አበባ የቀበሌ አደረጃጀት በወረዳ ሲተካ አዳራሾቹ ወደ ወረዳ አስተዳደሮች ተላልፈዋል። ከተማዋ በ1995 ዓ.ም በ10 ክፍለ ከተሞች የተዋቀረች ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም ለሚ ኩራ ሲጨመር ክፍለ ከተሞቿ 11 ሆነዋል።

ሦስተኛው ምዕራፍ የግል አዳራሾችና ሆቴሎች መበራከት ነው። በ2000 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሚሌኒየም ሲከበር ቦሌ ላይ የተከፈተው የሚሌኒየም አዳራሽ ለታላላቅ ዝግጅቶች የሚውል የከተማዋ መለያ ሆኗል። ሰፈር ውስጥ ግን አብዛኛውን ፍላጎት የሚሸፍኑት በሆቴሎች፣ በገበያ ማዕከላት ሕንፃዎችና በአትክልት ሥፍራዎች የሚገኙ መካከለኛና አነስተኛ አዳራሾች ናቸው።

አራተኛው ደግሞ ከጋራ መኖሪያ ቤቶች መስፋፋት ጋር የመጣ ነው። በ1995 ዓ.ም የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የሕንፃው የጋራ መጠቀሚያዎች በቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲተዳደሩ ደንግጓል። በኮንዶሚኒየም መንደሮች የተሠሩት፣ ነዋሪው "ኮሙናል" እያለ የሚጠራቸው የጋራ መገልገያ ቤቶች ለዚሁ ዓይነት ተግባር ታስበው የተገነቡ ናቸው፡፡ በአምስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ድንኳን የሚተክልበት ግቢ የለውምና የኮሙናሉ አስፈላጊነት ግልጽ ነው። በ2016 ዓ.ም በተጀመረው የኮሪደር ልማት እንደ ፒያሳና ካዛንቺስ ካሉ ነባር ሰፈሮች ነዋሪዎች ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሲዛወሩ፣ ለዘመናት በአንድ እድር የኖሩ ጎረቤታሞች የሚሰባሰቡበት ቦታ ጥያቄም አብሮ ተነስቷል።

ወረፋው ለምን ይበዛል?

የአዳራሽ ፍላጎት በዓመቱ ውስጥ እኩል የተከፋፈለ አይደለም። ፍላጎቱን የሚወስነው በዋናነት የጾምና የበዓላት አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በጾም ወራት ሠርግ አይደገስም። በመሆኑም ከጥር 11 ቀን የጥምቀት በዓል በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ዋነኛው የሠርግ ወቅት ይሆናል።

የዚህ ወቅት ርዝመት ግን ከዓመት ዓመት ይለያያል። ዐቢይ ጾም ሁልጊዜ ሰኞ የሚገባ ሲሆን፣ ቀደም ካለ የካቲት 1፣ ከዘገየ ደግሞ መጋቢት 5 ቀን ይውላል። ጾሙ የካቲት 1 በሚገባበት ዓመት ከጥምቀት በኋላ ለሠርግ የሚቀሩት እሑዶች 3 ብቻ ናቸው፤ መጋቢት 5 በሚገባበት ዓመት ግን 8 እሑዶች ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአዳራሽ ዋጋም ሆነ ወረፋ ለምን በአንዳንድ ዓመት እንደሚብስ ያስረዳል። ቀጣዩ የሠርግ ወቅት 55 ቀናት ከሚቆየው ጾም በኋላ ከትንሣኤ ቀጥሎ ይመጣል።

በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድም የኒካህና የሠርግ ዝግጅቶች ከረመዳን በፊትና ከኢድ በኋላ ይበዛሉ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀናት ገደማ ወደፊት እየቀደመ ስለሚመጣ ከሌሎች ወቅቶች ጋር የሚገጥምበት ጊዜ አለ። በ2017 ዓ.ም ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ሰኞ ሲገባ፣ ረመዳን በዚያው ሳምንት የካቲት 22 ቅዳሜ ጀምሯል። በዚህ ዓይነቱ ዓመት ከሁለቱም ወገን ያሉ ደጋሾች በተመሳሳይ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዳራሽ ይፈልጋሉ። አዳራሽ የሚያስተዳድር አካል የዓመቱን የጾምና የበዓላት ቀናት አስቀድሞ ከተመለከተ ወረፋው የሚጨናነቅበትን ጊዜ ሳይቸገር ሊያውቅ ይችላል።

ቀብድ በሕግ ፊት

በአዳራሽ ኪራይ ላይ ከሚነሱ አለመግባባቶች ዋነኛው ቀብድን የሚመለከት ነው። አከራዩ አንዱን ቀን ለሁለት ሰው ያከራያል፤ ወይም የተሻለ ዋጋ ሲያገኝ የመጀመሪያውን ተከራይ "ገንዘብህን ውሰድ" ይላል። ተከራዩም በበኩሉ ሐሳቡን ለውጦ ሙሉ ቀብዱ እንዲመለስለት ይጠይቃል። ሁለቱም ወገኖች ሕጉ ምን እንደሚል አለማወቃቸው ችግሩን ያባብሰዋል።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ በግልጽ ደንግጓል። በአንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 1884 መሠረት ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋናው ክፍያ ላይ ይታሰባል። አንቀጽ 1885 ደግሞ ውሉ ሲፈርስ የሚሆነውን ይወስናል። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ የሰጠውን ቀብድ ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ውሉን ቢያፈርስ የተቀበለውን ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ቤተሰብ በ60 ሺህ ብር አዳራሽ ለመከራየት ተስማምቶ 20 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠ እንበል። ዝግጅቱ በስምምነቱ መሠረት ከተከናወነ ቀሪው ክፍያ 40 ሺህ ብር ይሆናል። ቤተሰቡ ራሱ ውሉን ከተወ 20 ሺህ ብሩን ያጣል። አከራዩ አዳራሹን ለሌላ ለመስጠት ብሎ ውሉን ካፈረሰ ግን መመለስ ያለበት 20 ሺህ ሳይሆን 40 ሺህ ብር ነው። "ገንዘብህን ውሰድ" የሚለው አነጋገር፣ የተለየ ስምምነት እስካልተደረገ ድረስ፣ የሕግ ድጋፍ የለውም ማለት ነው።

"ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር" የምትለው ሐረግ ልብ ልትባል ይገባል። አከራዮች በደረሰኛቸው ጀርባ ወይም በውል ቅጻቸው ላይ የተለየ ሁኔታ ሊያሰፍሩ ይችላሉ። ከመፈረም በፊት ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ክፍያው "ቀብድ" ነው ወይስ ከዋጋው ላይ የተከፈለ "ቅድሚያ ክፍያ" ነው የሚለውም በጽሑፍ ሊለይ ይገባል፤ በኋላ ክርክር ቢነሳ ውጤቱ በዚሁ ቃል ላይ ሊመሠረት ይችላልና።

የጠራ ውል የያዘው ነገርም ብዙ አይደለም። ቀኑ፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱ፣ የእንግዶች ብዛት፣ ዋጋው የተጨማሪ እሴት ታክስን ማካተት አለማካተቱ፣ የቀብዱ መጠን፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ወጥ ቤትና ጄኔሬተር በኪራዩ ውስጥ መኖር አለመኖራቸው፣ ከውጭ ምግብና መጠጥ ማስገባት መፈቀዱ፣ ዕቃ ቢሰበር ተጠያቂው ማን እንደሆነ ከተጻፈ ለክርክር በር የሚከፍተው ነገር ይቀንሳል። ለታክሱ የተመዘገበ አከራይ በተመኑ ላይ 15 በመቶ ይጨምራል፤ ከላይ የተጠቀሰው 60 ሺህ ብር ታክስን የማያካትት ከሆነ የሚከፈለው 69 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ የ9 ሺህ ብር ልዩነት በድግሱ ዋዜማ እንዳይሰማ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያት

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም የኮቪድ-19 ወረርሽኝን ለመከላከል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3 ማስፈጸሚያ ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሎ ነበር። ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት ስለነበር የተያዙ አዳራሾች ሥራ ፈቱ፤ ቀብድ የከፈሉ ቤተሰቦችም ገንዘቡ ይመለስ ወይስ አይመለስ የሚል ጥያቄ ገጠማቸው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህም መልስ አለው። አንቀጽ 1792 ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ማለት ባለዕዳው በተለመደው አስተሳሰብ ሊገምተው የማይችልና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚከለክለው ሁኔታ መሆኑን ይገልጻል። አንቀጽ 1793 በምሳሌነት ከሚዘረዝራቸው መካከል ውሉ እንዳይፈጸም የሚያደርግ የመንግሥት ክልከላ፣ እንደ መሬት መንቀጥቀጥና ጎርፍ ያሉ የተፈጥሮ አደጋዎች፣ እንዲሁም ጦርነት ይገኙበታል። በአንጻሩ አንቀጽ 1794 የዋጋ መናር ወይም መውረድ ከዐቅም በላይ እንደሆነ ምክንያት እንደማይቆጠር ያመለክታል። ስለሆነም "ዕቃ ተወደደብኝ" በሚል ብቻ የተስማማበትን የአዳራሽ ዋጋ የሚጨምር አከራይ በዚህ ድንጋጌ ሊጠለል አይችልም።

የሕዝብ አዳራሽና ደረሰኝ

የወረዳ ወይም የወጣት ማዕከል አዳራሽ ሲከራይ የሚገኘው ገንዘብ የመንግሥት ገቢ ነው። የመንግሥት ገቢ ደግሞ በሕጋዊ ደረሰኝ ተሰብስቦ ወደ መንግሥት ካዝና መግባት ይኖርበታል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ሞዴል 64 በመባል የሚታወቀው የገቢ ደረሰኝ የሚያገለግለው ለዚሁ ነው። የአዳራሽ ቁልፍ በያዘው ሠራተኛ እጅ በጥሬ ገንዘብ ተከፍሎ ያለደረሰኝ የሚቀር ኪራይ መጠኑ ትንሽ ቢመስልም ሁለት ጉዳት አለው። በአንድ በኩል አዳራሹን ለማደስ ሊውል የሚችል ገቢ ይጠፋል። በሌላ በኩል ተከራዩ ቀኑን ስለመያዙ ማስረጃ አይኖረውም፤ ሠራተኛው ቢዛወር ወይም ቢክድ ቤተሰቡ ለሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1724 የመንግሥት አስተዳደርን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ እንዲሆን የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአንድ ቀን የሚደረግ ኪራይም ቢሆን በጽሑፍ መስፈሩ ነዋሪውንም ሠራተኛውንም ይጠብቃል። በቃል ትዕዛዝ አዳራሹን ለወዳጅ መስጠት፣ ወረፋ ማዛባት ወይም ክፍያን በግል መቀበል ከሥነ ምግባር ጉድለት አልፎ በ2007 ዓ.ም በወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ሊያስጠይቅ የሚችል ተግባር ነው።

ቀልጣፋና ፍትሐዊ አገልግሎት ለመስጠት ከባድ ወጪ አያስፈልግም። የኪራይ ተመኑ በሚታይ ቦታ ይለጠፋል። የተያዙና ክፍት የሆኑ ቀናት በአንድ መዝገብ ይሰፍራሉ፤ መዝገቡንም ማንኛውም ጠያቂ ማየት ይችላል። ቀድሞ ላመለከተ ቅድሚያ ይሰጣል። ክፍያ የሚቀበለው ገንዘብ ያዥ፣ ቁልፍ የሚሰጠው ደግሞ ሌላ ሠራተኛ ይሆናል። ከዝግጅቱ በፊትና በኋላ የወንበር፣ የመብራትና የመስኮት ርክክብ በፊርማ ይደረጋል። ለሐዘን የሚጠየቅ ቦታ ቀጠሮ የማይሰጠው በመሆኑ ለዚሁ የተለየ አሠራር ቢኖር የነዋሪውን እንግልት ይቀንሳል።

የግል አከራዮችም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን የመጠቀም ግዴታ በ1999 ዓ.ም በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139 ተደንግጓል። ተከራይ ያለ ደረሰኝ በቅናሽ ለመክፈል ሲስማማ ለጊዜው የተጠቀመ ቢመስለውም፣ ቀብዱን ለማስመለስ በሚፈልግበት ጊዜ የሚያቀርበው ማስረጃ አሳልፎ መስጠቱን መገንዘብ ይኖርበታል።

ድምፅ፣ ደኅንነትና ጎረቤት

በአዳራሽ ውስጥ ያለው ደስታ ከአጥሩ ማዶ ላለ ሕመምተኛ፣ አራስ ወይም ተፈታኝ ተማሪ መከራ ሊሆን ይችላል። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ድምፅን ከብክለት ዓይነቶች መድቦ መለኪያ እንዲወጣለት አድርጓል። በአገሪቱ የድምፅ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው መጠን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት 55 ዴሲቤል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ 45 ዴሲቤል ነው። በንግድ አካባቢ በቀን 65፣ በሌሊት 55 ዴሲቤል ይፈቀዳል። ዴሲቤል በተራ ቁጥር የሚደመር መለኪያ አለመሆኑን ማወቅ ያሻል፤ የ10 ዴሲቤል ጭማሪ የድምፁን ኃይል 10 ጊዜ ያበዛዋል። በዚህም የተነሳ ከ55 ወደ 45 መቀነስ ማለት የድምፅ ማጉያውን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ብቻ አይደለም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225ም ባለሀብት በንብረቱ ሲገለገል ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። አዳራሹ የግልም ሆነ የወረዳ፣ ይህ ግዴታ አይቀርም። ድምፅ ማጉያን ወደ አዳራሹ ውስጥ ማዞር፣ ከግቢ ውጪ ማጉያ አለመትከል፣ የሙዚቃ ማብቂያ ሰዓትን በውሉ ውስጥ ማስፈርና የእንግዶች መኪና የጎረቤት በር እንዳይዘጋ ተቆጣጣሪ መመደብ ቅሬታን አስቀድሞ ያስቀራል። በመንገድ ላይ ድንኳን መትከል ሲያስፈልግም ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና ማለፊያ እንዳይጠፋ ከወረዳውና ከፖሊስ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ተገቢ ነው።

የሰው ደኅንነትም ችላ ሊባል አይገባም። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ሕንፃዎች ጥብቅ ቁጥጥር በሚሻው ምድብ "ሐ" ማስቀመጡ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰበሰብበት ቦታ የሚያስከትለውን ኃላፊነት ያሳያል። ለመጋዘን የተሠራ ቤት በመጋረጃና በአበባ ስላጌጠ ብቻ አዳራሽ አይሆንም። ተከራይ ከዋጋው በፊት ሁለተኛ መውጫ በር መኖሩን፣ በሮቹ ወደ ውጭ መከፈታቸውንና በዝግጅቱ ሰዓት አለመቆለፋቸውን፣ የእሳት ማጥፊያ መኖሩን፣ ምግብ የሚበስልበት ቦታ ከእንግዶች መቀመጫ መራቁንና የመጸዳጃ ቤቱን ሁኔታ ቢመለከት ይበጃል።

መሥሪያ ቤቶች እንደ ተከራይ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሥልጠናና ለግምገማ የሆቴል አዳራሽ ሲከራዩ ውሉ ግዥ ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በ2016 ዓ.ም በወጣው የመንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333 ይመራሉ። በዚህም መሠረት የአዳራሽ ፍላጎት በዓመታዊ የግዥ ዕቅድ ውስጥ መካተትና በውድድር መፈጸም ይኖርበታል። ስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው "አስቸኳይ ነው" ተብሎ የሚደረግ ግዥ አብዛኛውን ጊዜ የዕቅድ ጉድለት ማሳያ ነው።

ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ግን አዳራሽ መከራየት በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የራሱ አዳራሽ ባዶ ሆኖ ሳለ ወይም በአጎራባች ተቋም አዳራሽ መገልገል እየቻለ ለኪራይ የሚያወጣው ገንዘብ ለሌላ አገልግሎት ሊውል ይችል ነበር። በአንጻሩም ቅዳሜና እሑድ ተዘግተው የሚውሉ የመንግሥት አዳራሾች ግልጽ በሆነ ተመንና በደረሰኝ ለነዋሪው ቢቀርቡ፣ በሠርግ ወራት ያለውን ጥበት ከማቃለል ባሻገር የገቢ ምንጭ ይሆናሉ።

የሰፈር አዳራሽ የአንድ ቀን ጉዳይ ይምሰል እንጂ ነዋሪው መንግሥትን በቅርብ ከሚያገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ልጁን ለመዳር ወደ ወረዳው የሄደ አባት ተመኑን አንብቦ፣ ቀኑን በመዝገብ አይቶ፣ ከፍሎና ደረሰኙን ይዞ ከተመለሰ በአስተዳደሩ ላይ ያለው እምነት ይጸናል። ሰው ፈልጎ፣ አማላጅ ልኮና ያለ ደረሰኝ ከፍሎ ከሆነ ግን ስለ መልካም አስተዳደር የሚነገረው ሁሉ ለእርሱ ትርጉም አይኖረውም። በመሆኑም አዳራሽ የሚያስተዳድሩ የሥራ ኃላፊዎች የሚቀጥለው የሠርግ ወቅት ከመድረሱ በፊት ተመናቸውን፣ መዝገባቸውንና የውል ቅጻቸውን ፈትሸው ማስተካከል ይጠበቅባቸዋል።